እጇ መድኃኒት፣ አፏ እሬት

የልጅ ልጄ ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። እጁ አያርፍም፤ ቤት ያለውን የግድግዳ ሰዓትና ሬዲዮ ሁሉ ፈታትቶ ጨርሷል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ብለን እዚሁ ቡለን ከተማ ስልክ ከሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ለልምምድ አስገባነው። ሰውየው በሙያው የታወቀ ነው። ቻግኒ ድረስ ተወስዶ «አይሠራም» ተብሎ የተመለሰ ስልክ እሱ ጋ ገብቶ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ልጁ ለምሳ መጣና ሳይበላ ተጠቅልሎ ተኛ። ወባ ይሆን ብዬ ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለውም። ብጠይቀው ብጠይቀው «ምንም አልሆንኩም እማማ» ነው መልሱ። አመሻሹ ላይ ነው ያወጣው። ስለ አንዲት ጥቃቅን የስልክ ዕቃ አነቃቀል ጠይቆ ተነግሮት ኖሯል። ግራ ሲገባው ደግሞ መልሶ ጠየቀ። ሰውየው ደንበኞች ፊት «ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ጭድ ነው? ሁለት ጊዜ የሚነገረው ለከብት ነው!» አለው። ሰዎቹ ሳቁ።

«ከዚያ ወዲህስ፣ ያልገባህ ነገር ሲኖር ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ዝም ብዬ እሞክራለሁ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ስልክ አቃጥያለሁ። አልነገርኩትም።»

ማታ አባቱ ሲሰማ (ስለ ተቃጠለው ስልክ ግን ገና አልሰማም) ነገሩን አቃለለው። «ባለሙያ ይቆጣል፤ ቻለው። ሙያ እንዲያ ነው የሚገኘው» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ ለምስጋና ብሎ፣ «እማዬስ ብትሆን ስንቱን ታስለቅስ አልነበር? ግን ስንቱን አዳነች!» አለ። የያዝኩትን ስኒ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ልጄ አልዋሸም። በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ወደ መተከል የመጣሁት አካባቢው ገና በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ሳለ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በተለያዩ የገጠር ክሊኒኮችና ጤና ጣቢያዎች ሠርቻለሁ። ሰዉ ከኋላዬ «እጇ መድኃኒት፣ አፏ እሬት» እንደሚለኝ አውቅ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይለኝ ነበር። በተቅማጥ ደርቆ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን ይመጣል፤ የደም ሥሩ ጠፍቶ ሌሎቹ ሞክረው ሲያቅታቸው እኔን ይጠሩኛል፤ ከራስ ቅሉ ላይ ሥር ፈልጌ ግሉኮስ አስገባለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ካላት አፏ ቢመርስ ምን አለበት? እኔም የማስበው እንደዚሁ ነበር።

ቁጣውንም አብሬ ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለን የበሽተኛ አልጋ ከብበን ስንጠየቅ መልሱን የሳተችው በሽተኛው ፊት ትዋረዳለች። አልቅሰን እንወጣለን። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ እኛ በተራችን ከእኛ በታች ያሉትን እናስለቅሳለን። ከዚያም በፊት ቢሆን አባቶቻችን ልጃቸውን ለየኔታ ሲሰጡ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይሉ እንደነበር በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባቢዎች አትረሱትም። እውቀትና ቁጣ ተነጣጥለው የማይሸጡ ይመስለናል። ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም ሲገጥመን እንኳ ስንወጣ «ይኼ ልጅ ግን ያውቃል?» እንባባል የለ!

ድካሙም ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ጓንት አልቆ፣ መድኃኒት ሳይደርስ ቀርቶ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ በቀላሉ የሚድን ሕፃን በአምስተኛው ቀን ሲያመጡት ያበሳጫል። የምቆጣው ጠልቻቸው አልነበረም። ግን ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። የተቆጣሁባት እናት የምታየው ፊቴን ብቻ ነው።

አንዷን ልንገራችሁ። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤት ወጥታ ጫካ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር፣ ብዙ ጊዜም ብቻዋን፣ የመውለድ ልማድ እንደነበረ መተከል የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የወሊድ ደም ቤት ውስጥ እንዳይፈስ ነው። ይህን ልማድ ትታ ወደ ጤና ተቋም የምትመጣ ሴት ቤተሰቧን አሳምና፣ ረጅም መንገድ ተጉዛ፣ ቋንቋዋን የማይሰማ ሰው ፊት ልትተኛ ነው የምትመጣው። ይህን ዛሬ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ ትዝም አላለኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አንዲት ወጣት የጉሙዝ እናት በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ተይዛ መጣች። አልጋው ላይ መተኛት አልሆነላትም፤ ዘመዶቿ ሲወልዱ ያየችው ተንበርክከው ነው። ጮኸች። እኔም ጮኽኩባት። «ያኔ ደስ ሲልሽ፣ አሁን ምን ያስጮህሻል?» አልኳት። ይህች አነጋገር በአገራችን የማዋለጃ ክፍሎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተባለች ቤት ይቁጠረው። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፤ ይህን ለመረዳት ግን አላነሳትም። ልጁ በሰላም ተወለደ። መዝገቡ ላይ እናትም ልጅም ደህና ብዬ ጻፍኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቃሬዛ አመጧት። ሁለተኛውን ጫካ ወልዳ፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ስትደማ አድራለች። ሕፃኑ ሞቷል። እጄን አስገብቼ እንግዴ ልጁን አወጣሁት፤ ግሉኮስ ሰቀልንላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን እሷ ተረፈች። ፋታ ሳገኝ አማቷን ያዝኳቸው። «የመጀመሪያውን እዚህ ወልዳ የለም እንዴ? ለምን ቶሎ አላመጣችኋትም?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው፤ አሁንም እየጮኽኩ ነው። ሴትዮዋ ለአስተርጓሚው ቀስ ብለው ነገሩት። እሱ ለመናገር አመነታ። በመጨረሻ፣ «ጫካው አይሰድበኝም ብላ እምቢ አለች ነው የሚሉት» አለኝ።

እጄ ጫካው ድረስ አይደርስም። አፌ ግን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ኃጢአት እንዳልነበረ በኋላ ተረዳሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በጤና ተቋም በሚወልዱ እናቶች ላይ የሚደርሰው ማዋረድና ማንገላታት እንዲቆም መግለጫ አወጣ። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራት ዋና አጀንዳዎቹ አንዱን «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት አድርጎት ነበር። ሥልጠናው ላይ ተቀምጠን አንዳንዶቻችን አጉረመረምን። «መድኃኒቱን ሳያሟሉ ፈገግታ ይጠይቁናል» ያለ ባልደረባ ነበረን፤ አልፈርድበትም፣ ግማሹ እውነት ነው። ቢሆንም ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ። መውለጃዋ የተቃረበ የሩቅ አገር ሴት የምትቆይበት ማቆያ ቤት ተሠራ። የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶችም በየቀበሌው ነበሩ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተወለደው 10 ያህሉ ብቻ ነበር። በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሰ። መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ አገልግሎቱ ነጻ መሆኑም ረድቷል፤ ሁሉንም ለጥሩ አፍ አልሰጠውም። ነገር ግን ስድብ እንደሚጠብቃት የምታውቅ ሴት አምቡላንስ ቢላክላትም ለመሳፈር ታመነታለች።

እስካሁን ያልኩት ስለ ታካሚ ነው። ልጄ ግን «ተማሪና ረዳት ሌላ ነው፤ እነሱ ካልተቆጧቸው አይማሩም» ይለኛል። ለዚህም ከራሴ ቤት መልስ አለኝ።

አንድ ትጉህ ወጣት ጤና ረዳት ነበረኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ የሚያናግረኝን አልወድም ነበርና «ስሠራ አፍህን ዝጋ» ብዬ አስለምጄዋለሁ። አንድ ቀን የወለደች እናት ደም እንዳይበዛባት ኤርጎሜትሪን ወጋኋት። በዚያን ጊዜ በእጃችን የነበረው እሱ ነው፤ የደም ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት ግን አይሰጥም። ጥቂት ቆይታ ራሷን ይዛ ጮኸች፤ ማስመለስም ጀመራት። ካርዷን ሳነሳ ግፊቷ በልጁ እጅ ተጽፎ አገኘሁት። ከፍተኛ ነው። «አይተኸዋል?» አልኩት። «አይቻለሁ ሲስተር።» «መርፌውን ስቀዳስ አይተኸኛል?» «አይቻለሁ።» «ታዲያ?» ዝም አለ። ሴትዮዋ ማታውን ተሻላት። ዕድል ነው እንጂ እውቀቴ አልነበረም ያወጣት። ትክክለኛው እውቀት በዚያች ሰዓት የነበረው ከልጁ ዘንድ ነው፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ይህ ነገር ባሕር ማዶም በጥናት ተፈትሿል። ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የተሠራው እስራኤል ውስጥ ጨቅላ ሕፃናትን በሚያክሙ 24 የባለሙያ ቡድኖች ላይ ነው። ቡድኖቹ በማስመሰያ ልምምድ ላይ ሁኔታው በድንገት የከፋ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እንዲያክሙ ተደረገ። ከውጭ አገር የመጣ አዋቂ እንደሚመለከታቸውም ተነገራቸው። ለከፊሎቹ አዋቂው ተራ ነገር ተናገረ። ለቀሩት ግን በአገራቸው ሕክምና እንዳልተደሰተ፣ እንደ እነሱ ያለ ባለሙያ በእሱ ክፍል ሳምንት እንደማይቆይ ጣል አደረገ። ጩኸት የለ፣ የእናት ስድብ የለ፤ እኔ በደህናው ቀኔ የምናገረውን ያህል እንኳ አይሆንም። ሆኖም የተዘለፉት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም በእጅ ሥራውም ከሌሎቹ አነሱ። ምክንያቱም ሲመረመር ያዩትን እርስ በርስ መነጋገር ትተዋል፤ እርዳታ መጠየቅም ቀንሰዋል። ያን ሳነብ የጤና ረዳቴ ፊት መጣብኝ። የልጅ ልጄ የተቃጠለ ስልክም ያው ነው።

«እሺ፣ ሰውየው ትክክል ከሆነስ? እውነትን የያዘ ሰው ቢቆጣ አይፈቀድለትም?» ትሉ ይሆናል። በእኛ ሙያ ከማንም በላይ ትክክል የነበረ፣ ከማንም በላይም የመቆጣት ምክንያት የነበረው ሰው ኢግናዝ ሴመልዌይስ ይመስለኛል። ሃንጋሪያዊ ሐኪም ነው። ቪየና ውስጥ በሚሠራበት ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ይልቅ እጅግ ይበዙ ነበር። ሐኪሞቹ ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ እንደነበር አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በአፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሲሞቱ በጁን ወደ 2 ወረደ። እንዲህ ያለ ግኝት ዓለም ሁሉ ሊቀበለው በተገባ ነበር። አልተቀበለውም። አንደኛ፣ ሐኪሞቹ የራሳቸው እጅ ገዳይ ነው መባሉን መስማት አልወደዱም። ሁለተኛ፣ ማስረጃውን በመጽሐፍ ያወጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ከዚያ ደግሞ ለታላላቅ ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤ እየጻፈ ነፍሰ ገዳዮች ይላቸው ጀመር። እውነቱን ነው፤ እናቶች እየሞቱ ነበርና እኔ ብሆንም እል ነበር። ግን ያ ስድብ አንድ ሐኪም እጁን እንዲታጠብ ማድረጉን እንጃ፤ ላለመስማት ሰበብ ለሚፈልጉት ግን ሰበብ ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ። እሱን ሳስብ ከመፍረድ ይልቅ አዝንለታለሁ። የእኔና የስልክ ጠጋኙ ቁጣ እሱ ከነበረበት ጭንቀት ጋር አይወዳደርም።

የልጅ ልጄ ግን ለመምህሩ ጥብቅና ቆመ። ይገርማል፤ ልጅ የሰደበውን ሰው ነው አብዝቶ የሚያደንቀው። «እማማ፣ ይኼ ስልክ የሚሠራበት አንድሮይድ ከሥሩ ሊነክስ የሚባል አለ። የሠራው ፊንላንዳዊ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ተሳዳቢ ነው ይባላል፤ ግን ዓለም ሁሉ በሱ ይጠቀማል» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አላምንም፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ የእህቴን ልጅ ደውዬ ጠየቅሁት። እውነት ነው፤ ሰውየው ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ስህተት የሠሩ ባለሙያዎችን ሰው ሁሉ በሚያነበው ጽሑፍ ክፉኛ በመዝለፍም ለዓመታት ታውቋል። ግን የልጅ ልጄ የታሪኩን መጨረሻ አልሰማም ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ሰውየው ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ጠባዩ የጎዳቸውን፣ ምናልባትም ከሥራው ጨርሶ ያራቃቸውን ሰዎች ይቅርታ ብሎ፣ የሰውን ስሜት ስለ መረዳት እገዛ ለማግኘት ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዞር አለ። ሥራውም ሳይፈርስ ቆየው፤ እሱም ተመለሰ። ጥለውት የሄዱት ምን ሊሠሩ ይችሉ እንደነበር ግን ማን ይቆጥረዋል? የጤና ጣቢያ መዝገብም የሚይዘው የመጡትን ነው።

በዚህ ሁሉ ጸጥ ያለ ባለሙያ ብቻ ይኑር ማለቴ አይደለም። እናት እየደማች «መርፌውን! ቶሎ!» ብዬ ብጮህ ማንም አይቀየመኝም፤ ጩኸቱ ስለ መርፌው ነውና። ካስተማሩኝ ሁሉ የማልረሳቸው አንድ ሽማግሌ ጤና መኮንን ነበሩ። ጥብቅ ናቸው፤ የተሳሳተ ፋሻ ሦስት ጊዜ ያስፈቱሽ ነበር። ግን «ይኼ ፋሻ ልክ አይደለም» ይላሉ እንጂ «አንቺ ልክ አይደለሽም» ሲሉ አልሰማኋቸውም። አራተኛ ጊዜ ብጠይቃቸውም ያሳዩኛል። ይህን ከሳቸው አይቼ ሳበቃ የሌሎቹን መውረሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ልጁን ይዤ ጭቃውን እየረገጥን ወደ ሱቁ ሄድን። ለአባቱም ስለ ተቃጠለው ስልክ ነግረነዋል፤ ትንሽ ጮኸና ገንዘብ አውጥቶ ሰጠኝ። ባለሙያው ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሲስተር! ይግቡ እንጂ» ብሎ ወንበሩን በክንዱ ጠረገልኝ። ከዚያ ልጁ ተናገረ። የሰውየው ፊት ተለወጠ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «ሁለት ጊዜ የሚነገረው ለከብት ነው ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ» አለው።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እኔም ስለ ጤና ረዳቴና ስለ መርፌው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳየኝ። «እኔም እየተሰደብኩ ነው የተማርኩት፣ ሲስተር። ይቺ የተወረወረብኝ ካቻቢቴ ናት።»

«ሙያውን ያስተማረህ ያ ነው?»

አሰበ። «አይ» አለ ቆይቶ። «ሙያውንማ እሱ ማታ ቤቱ ሲገባ የተጣሉ ስልኮች እየፈታሁ ነው የለመድኩት።»

ገንዘቡን ሰጠሁት፤ ግማሹን መለሰልኝ። ልጁ ከነገ ጀምሮ እንዲመጣ ተነጋገርን። ልወጣ ስነሣ ጃንጥላዬን አቀበለኝና በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ሲስተር፣ እናቴ እኔን ስትወልድ ቤታችን ድረስ መጥተው ያዋለዷት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ተቆጥተዋት ነበር?»

እናቱ በሕይወት አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን ስለ ልጆቻችን እንጠያየቃለን፤ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም።

«አዎ» አልኩት።